አሳማው አሳማ አለመሆኑን ለመመስከር ወደ ደሴ

ሰኞ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጋሽ ላቀው በሬን ሲያንኳኩ ሰማዩ ገና አልገረጣም። የመሥሪያ ቤታችን አንጋፋ ሾፌር ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲተኙም ኮፍያቸውን የሚያወልቁ የማይመስሉ። ላንድሮቨሯን ሞተሯን ሳያጠፉ ትተዋታል። አንዴ ከጠፋች እንደገና ለመነሳት ብዙ ልመና ትፈልጋለች።

«ጽጌ፣ የይለፍ ወረቀትሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ብርድ ልብስ?»

«ይዣለሁ።»

«ነዳጅስ?»

«ጋሽ ላቀው፣ ነዳጅማ የእርስዎ ሥራ ነው።»

«የእኔ ሥራ መንዳት ነው። ነዳጅ ማግኘት የመሥሪያ ቤታችን ሥራ ነው፤ ይኸው ስንት ዘመኑ ሲፈልግ።»

እውነታቸውን ነው። የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ኦጋዴን በረሃ ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈረ ዘይትና ጋዝ የሚፈልግ ነው። እኛ ደግሞ ለደሴ መንገድ የሚሆን የቤንዚን ኩፖን ለማስፈረም ስንት ቢሮ ዞረን፣ ያገኘነው ለግማሽ መንገድ የሚበቃ ነው። ቀሪውን ግማሽ አብዮቱ ያውቅበታል ተባልን።

የምንሄድበትን ጉዳይ ያኔ ጋዜጣ ላይ ማውጣት አይታሰብም ነበር። አሁን ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ቀን ከበላይ አካል ትእዛዝ መጣ፤ የባዕድ ቃል የባዕድ አስተሳሰብ ያመጣልና የቁፋሮ ሥራ ቃላት በሙሉ በአማርኛ ይሁኑ የሚል። ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ ገባሁበት። ከኮሚቴው መዝገበ ቃላት የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌሎቹ አስተያየት ነበራቸው።

ችግሩ ጉድጓድ ቆፋሪዎች በዓለም ሁሉ ቀልደኞች መሆናቸው ነው። ጋዝ በሚወጣበት ጉድጓድ አፍ ላይ የሚተከለውን፣ ቧንቧና መዝጊያው እንደ ቅርንጫፍ የተንዠረገገውን ብረት «የገና ዛፍ» ይሉታል። በረጅም ቧንቧ ውስጥ እየተገፋ ቆሻሻ የሚጠርገው ዕቃ «አሳማ» ነው። የቁፋሮ ማማውን ገመድ ወጥሮ እንዲይዝ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ከባድ ነገር «ሙት ሰው» ይባላል። ጋዙ እንዳይፈነዳ ጉድጓዱን በከባድ ጭቃ ሞልቶ ማፈን ደግሞ «ጉድጓዱን መግደል» ነው። እኔ ሌላ ሌላ ስም አቅርቤ ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር ግን ጠረጴዛውን መታ። «ቃል በቃል! ምንም አይደበቅ!» አለ። ቃል በቃል ሆነ።

ሰይድ አሊ የቁፋሮ ቴክኒሻናችን ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ ሆጤ ተወልዶ ሆጤ ያደገ። መመሪያ ያከብራል፤ ያስያዘውም ይኸው ነው። ከአሰብ ወደብ ዕቃ ተረክቦ በከባድ መኪና ሲመጣ ኮምቦልቻ ላይ የመኪናው አክስል ተሰበረ። የኮምቦልቻ ስልክ ስለማይሠራ ደሴ ወጥቶ ፒያሳ ካለው ቴሌ ደወለልኝ። አዳራሹ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ጢም ብሏል። መሐል ላይ ያለችው ስልከኛ ደግሞ «ድምፅዎ አይሰማም፣ ጮክ ይበሉ!» ትለዋለች። ጮኸ።

«የገና ዛፉ ኮምቦልቻ ደርሷል! አሳማዎቹም ደርሰዋል፣ ሁሉም ደህና ናቸው! ሙቱ ሰውዬ ግን አልመጣም! እሱን ሳንቀብር ምንም መሥራት አይቻልም! እስከዚያ ጉድጓዱን ግደሉት በያቸው!»

ግርግር ሰማሁ፣ ወንበር ሲወድቅም ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።

በማግሥቱ ከደሴ የተደወለው ስልክ አጭር ነበር። «አንድ ሰርጎ ገብ ይዘናል፤ የእናንተ ሠራተኛ ነኝ ይላል።» አለቃዬ ኮሚቴውን አየ፣ ኮሚቴው ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ።

«መዝገበ ቃላት ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ሂጂና አስረጂ» አለኝ።

በዚያ ዘመን ሰው በአንድ ቃል እስር ቤት ይገባ ነበር። የሚያስወጣው ቃል የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። በእንግሊዝኛ ጮኾ ቢሆን ኖሮ አንድም ሰው ዞሮ አያየውም ነበር እያልኩ ተሳፈርኩ።

ሰኞ ረፋድ፣ ቁልቁል

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። ሻይ በስሙኒ ጠጣን፤ ስኳሩ ከቀበሌ ሱቅ ስላልመጣ ከረሜላ በጉንጫችን ይዘን። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጉም ነው፣ ስንወጣም ጉም ነው። ከደብረ ሲና ቆሎ ገዛን። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወረደ፣ ወረደ፤ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን አወለቅኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋሽ ላቀው ኮፍያቸውን አወለቁ። መላጣ መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከሚሴ ደርሰን ላንድሮቨሯ ተንፈስ አለችና ቆመች። ማደያው አጠገባችን ነው። ጠባቂው ወንበሩን ወደ ጥላ ጎትቶ ጫቱን ይቅማል።

«ቤንዚን?» አሉት ጋሽ ላቀው።

«የለም።»

«ኩፖን አለን።»

«እኔም ኩፖን አለኝ» አለና ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። ከዚያ የመኪናዋ በር ላይ የተጻፈውን የመሥሪያ ቤታችንን ስም አነበበ። ዓይኑ በራ። «ነዳጅ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ? አቦ! ያገኛችሁ ቀን ለእኛም ላኩልን እንጂ!»

አንድ የፒካፕ ሾፌር አዝኖልን ከራሱ ታንክ በጎማ እንድንስብ ፈቀደልን። ጋሽ ላቀው በአፋቸው ሲመጥጡት ጉንጫቸው ሞላ። ተፉ፣ ደግመው ተፉ፣ ከአንዲት ሴት የግመል ወተት ገዝተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ። «በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ነዳጅ ያገኘ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ» አሉ።

ሐርቡ ላይ ፓፓያ በላን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኮምቦልቻ ገባን፤ የፋብሪካ ሠራተኞች በሰልፍ ይወጣሉ፣ ቦርከና ወንዝ ጭቃውን ይዞ ይሄዳል። ከመንገዱ ዳር የእኛ ከባድ መኪና በድንጋይ ተደግፎ፣ ጭነቱ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ወደ ሸራው ደግነው ተቀምጠዋል፤ አሳማዎቹ እንዳያመልጡ መሆኑ ነው። አልቆምንም። የሐረጎን ዳገት ወጣን፤ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።

ሰኞ አመሻሽ፣ ሆጤ

የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ ይባላሉ። አጠር ያሉ፣ ፈርጠም ያሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ ለኩኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም። የሰይድ አለቃ ነሽ?»

«ባልደረባው ነኝ።»

«ግቢ፣ የኔ ልጅ።»

ጭኮ አቀረቡልኝ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ ቅመሙ ጉሮሮ የሚያሞቅ። ከጠዋት ጀምሮ ከቆሎና ከፓፓያ በቀር አልበላሁምና እጄን አላሳረፍኩም። ጎርሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ጠጋ አሉ።

«ልጠይቅሽ፣ አትደብቂኝ። አሳማ ነው ያለው?»

«አዎ እማማ፣ ግን…»

«ያ ረቢ!»

«አሳማ ማለት እኮ…»

«አሳማ ማለትማ አሳማ ነው። ደሴ ሙሉ ሰምቶታል። ደህና ናቸው ብሎ ጮኸ አሉኝ፤ ጤንነታቸውን ሳይቀር! የእኔን ጤና ጠይቆ ያውቃል?» ሻሻቸውን ፈትተው አሰሩት። «ሰው ታስሮ ይፈታል። ታሞ ይድናል። አሳማ አስመጣ የተባለ ሰው ግን ምን ይሆናል? ማን ልጁን ይድርለታል? ጎረቤቴ ነጃሳ ነው፣ ረክሷል ብላ የተዋሰችውን ድስቴን መለሰችልኝ። የራሴን ድስት!»

ዕቃው ብረትና ላስቲክ መሆኑን፣ ነፍስ እንደሌለው፣ በቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚጮኸው ጩኸት ስሙን እንዳወጣለት ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም። «ታዲያ ሌላ የሚጮህ ፍጥረት ጠፋ? ፍየል አትጮህም?» አሉ። ይህ ሐሳብ ለኮሚቴው አልቀረበለትም ነበር።

ልሄድ ስነሳ እስከ ደጅ ሸኙኝ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በየቀኑ ምሳውን እስር ቤቱ በር ላይ እሰጣለሁ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።» ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ዛሬ ምግቡ እንዳለ ተመለሰ።»

እጄን ያዙኝ፤ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ሆኑ።

«አብሽሪ። ነገ አብሬሽ እመጣለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት፣ ደሴ

ጽሕፈት ቤቱ የአንድ ነጋዴ ቤት የነበረ፣ ባለ ሰፊ ግቢ ነው። ግንቡ ላይ መፈክር፣ መፈክሩ ላይ የዝናብ ውኃ የፈሰሰበት መስመር። ከዛፉ ጥላ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ከሰል ነጋዴ፣ ሌላው ፍራሽ ሰፊ ነኝ አሉኝ።

«በምን ታሰሩ?»

«አልታሰርንም፤ እየተጠበቅን ነው» አለ ከሰል ነጋዴው። «ሊገድሉህ የሚፈልጉ አሉ ብለው አመጡኝ። ማን ብላቸው ምስጢር ነው አሉኝ።»

«እኔንም እንደዚያው» አለ ፍራሽ ሰፊው። «ሁለታችንም አሊ ይመር እንባላለን።»

አልገባኝም። እኔና እማማ ዘሀራ ወደ ውስጥ ተጠራን።

ጓድ ደምሴ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ካድሬ ነው። ካኪው ተተኩሶ ስለት አውጥቷል። ሽጉጡን ወረቀቱ እንዳይበርበት ፋይሉ ላይ አስቀምጦታል። እማማ ዘሀራ ከግድግዳው ጥግ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ፤ አንድ ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ።

«ጓድ ጽጌ» አለ፣ «የገና ዛፍ ምንድን ነው?»

አስረዳሁ። የጉድጓድ አፍ፣ ቧንቧ፣ መዝጊያ፣ ቅርንጫፍ። እርሳሶቹን በብርጭቆ ውስጥ አቁሜ አሳየሁት።

«ገና መቼ ነው?»

«ጓድ፣ ከገና ጋር ምንም…»

«ሰይድ አሊ ክርስቲያን ነው?»

«አይደለም።»

«ገናም አይደለም፣ ክርስቲያንም አይደለም፣ ዛፍም አይደለም። ታዲያ የገና ዛፍ የሚያሰኘው ምኑ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። ኮሚቴያችን ውስጥ እንዲህ የጠየቀ አልነበረም።

«አሳማስ?»

ከአግዳሚው «አዑዙ ቢላህ» የሚል ድምፅ መጣ። ቧንቧ እንደሚጠርግ ተናገርኩ። ጓድ ደምሴ ጻፈ። «ጉድጓዱን ግደሉት» ማለት ማፈን ነው፣ ሰው አይሞትም አልኩ። ጻፈ። «ሙት ሰው» ማለት ገመድ የሚይዝ ከባድ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ነው፣ ሰው አይደለም አልኩ። አልጻፈም። ብዕሩን አስቀመጠ፤ ፈገግ አለ።

«እዚህ ላይ ተያዝሽ። እሱ ራሱ አምኗል። የሚቀበረው ማን ነው ስንለው መጀመሪያ ብረት ነው አለ። ደግመን ስንጠይቀው ኮንክሪት ነው አለ። በደንብ ስንጠይቀው ስሙን ሰጠን።»

«በደንብ» ያለበትን አነጋገር አልወደድኩትም።

«ማን አለ?» አልኩ።

ሽጉጡን አንስቶ ከሥሩ ወረቀቱን ጎተተ። «አሊ ይመር። የዚህ ከተማ ነዋሪ። ሁለት አግኝተናል፤ ትክክለኛው እስኪታወቅ ሁለቱንም እየጠበቅን ነው።»

እማማ ዘሀራ ተነሱ። ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ጠባቂው ሊመልሳቸው እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

«ማን አልክ፣ ልጄ?»

«እማማ፣ ይቀመጡ። ጉዳዩ እርስዎን አይመለከትም።»

«አሊ ይመር ባሌ ነው።»

ጓድ ደምሴ ብዕሩን አፈፍ አደረገ። «የት ነው ያለው?»

«መቃብር ነዋ! የሰይድ አባት እኮ ነው! ስሙን ሰይድ አሊ ብለህ ጽፈህ የለም? አሊ ማን መሰለህ?» ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሰይድ ገና በእግሩ ሳይሄድ ነው የሞተ። እኔ ነኝ ያስቀበርኩት። ደግሞ ማን ሊቀብርብኝ ነው?»

ጓድ ደምሴ ፋይሉን አየ። ከላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ተጠርጣሪ፣ ሰይድ አሊ ይመር። ከሥሩ፣ በራሱ እጅ ጽሕፈት፣ የሚገደለው ሰው፣ አሊ ይመር። ሁለቱን ስም በጣቱ ነካካ። ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሶ ገለበጠው። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። አንድ ወጣት ከዚያ ግንብ ጀርባ ስም አምጣ ሲሉት፣ በሕይወት ያለ ሰው ላለመጥራት የሞተ አባቱን ስም ሰጥቷል። እማማ ዘሀራም ይህን ከእኔ እኩል የተረዱት መሰለኝ፤ ጠረጴዛውን የያዘው እጃቸው አልላላም።

ጓድ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው መሳሳቱን ከሚያምን ምርመራው እንዲቀጥል ይመርጣል፤ ካድሬ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«ምርመራው ዕቃውን በቦታው ማየት ይጠይቃል» አለ። «ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ሰይድን አምጡት።»

«አሊዎቹስ?» አለ ጠባቂው፣ አሁንም ግድግዳውን እያየ።

«ይሂዱ። አደጋው አልፏል።»

ሰይድ መጣ። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ጫማው ማሰሪያ የለውም። የሚራመደው በእግሩ ጠርዝ ነው፤ መሬቱ ትኩስ ምጣድ የሆነ ይመስል። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ይህ አረማመድ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ማንም አልጠየቀም። እናቱ እግሩን አዩ፣ ከዚያ ፊቱን አዩ። አላለቀሱም።

«ፊትህን ታጠብ» አሉት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኮምቦልቻ

በሁለት መኪና ወረድን። ሰይድ ከእኔና ከእናቱ መሐል ተቀምጧል። ጋሽ ላቀው በመስታወቱ እያዩ ስለ ሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ከሚሴው ቤንዚን ጣዕም አወሩ። ሰይድ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይናገርም።

ሸራው ተገለጠ። ጓድ ደምሴ መኪናው ላይ ወጥቶ የገና ዛፉን ዞረው። በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ግራና ቀኝ ክንድ ያለው፣ ክብ ክብ መዘውር የተሰካበት ብረት ነው። በሽጉጡ እጀታ አንኳኳው። ግንግን አለ። ልጅ ሳለ የተነገረው ተረት ውሸት ሆኖ ያገኘው ይመስል ፊቱ ወደቀ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ ጓድ።»

«ከእንግዲህ የሠርቶ አደሩ ዛፍ ይባል። ለኮሚቴያችሁ ንገሪ።»

«እነግራለሁ» አልኩ። አልነገርኩም።

እማማ ዘሀራ ለዛፉ ደንታ የላቸውም። ሳጥኑ ተከፍቶ አሳማዎቹ ሲወጡ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሩቁ ቆሙ። ወፍራም የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ጥቁር የላስቲክ ሳህን፣ መሐሉ ላይ የሽቦ ብሩሽ። ቢስሚላህ ብለው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ከዚያ ሌላ። በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«አፉ የታል?»

«የለውም፣ እማማ።»

«እግሩስ?»

«የለውም።»

«ይህ እኮ የጠርሙስ ማጠቢያ ነው!» ወደ ካድሬው ዞሩ። «በል ልጄ፣ ወረቀት ስጠኝ።»

«የምን ወረቀት?»

«አሳማው አሳማ አይደለም የሚል። ማኅተም ያለበት። ደሴ ሙሉ ልጄ አሳማ አስመጣ እያለ ነው፤ ይህን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ያለ ማኅተም ማን ያምነኛል?»

ጓድ ደምሴ እኔን አየ፣ ጋሽ ላቀውን አየ፣ ሁለቱን ጠባቂዎች አየ። ሁሉም የሚጠብቁት እሱን ነው። የመኪናው ጭቃ መከላከያ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጻፈ። ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ።

«ለሚመለከተው ሁሉ። የጓድ ሰይድ አሊ አሳማዎች በአካል ታይተው አሳማ አለመሆናቸው ስለተረጋገጠ፣ ማንኛውም የሆጤ ነዋሪ ከዚህ በተቃራኒ እንዳይናገር እናሳስባለን።»

«የድስቱን ነገር ጨምርበት» አሉ።

ጨመረበት። ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ መታ፤ ሰይድንም ይሂድ አለ። እማማ ዘሀራ ወረቀቱን ከጠባቂዎቹ ለአንዱ ሰጡ፤ የሆጤ ልጅ ነበርና ድስት ለመለሰችው ጎረቤት በእጇ እንዲያደርስ፣ በእጇ ብቻ፣ በሰው ፊት። እግረ መንገዳቸውንም ካድሬውን አንድ የይለፍ ወረቀት አስጻፉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ፣ ወደ ኋላ

ሌሊቱን የኮምቦልቻ ጋራዥ ልጆች ከሌላ የተሰበረ መኪና አክስል ፈትተው ገጠሙልን። ለላንድሮቨሯ ግን በደሴም በኮምቦልቻም አንዲት ጠብታ ቤንዚን አልተገኘም። ጋሽ ላቀው በሽቦ ገመድ ከከባድ መኪናው ኋላ አሰሯት። የነዳጅ ፍለጋ መሥሪያ ቤት መኪና በነዳጅ ፍለጋ ዕቃ እየተጎተተች ሦስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ልትሄድ ነው። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበልን።

እማማ ዘሀራ ጥቅላቸውን ይዘው ወደ ከባድ መኪናው ጋቢና ሲወጡ አየሁ።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ምላሱን ልጠብቅ።»

በከባድ መኪናው ሾፌርና በሰይድ መሐል ተቀመጡ። እኔና ጋሽ ላቀው ከኋላ እየተጎተትን አቧራ ስንውጥ ዋልን። በየመቆሚያው ጭኮ ያድሉናል። ሰይድ ይበላል፣ ይጠጣል። አይናገርም።

ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ኬላ ነው። ወርጄ ወደ ፊት ሄድኩ። ጠመንጃ ያንጠለጠለ ጠባቂ ሰይድ ባለበት መስኮት ሥር ቆሟል።

«ምን ጭናችኋል?»

ሰይድ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

«አንተን እኮ ነው። የጫናችሁት ምንድን ነው?»

የሰይድ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እጁ የበሩን እጀታ ጨብጦ ደም አጥቷል። እኔ ልናገር ፈለግሁ። ቃል አውጪዋ እኔ አይደለሁ? አንድ በአንድ ወደ አፌ መጡ፤ ዛፉ፣ አሳማው፣ ሙቱ። አንድ በአንድ መልሼ ዋጥኳቸው። ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ እማማ ዘሀራ በልጃቸው ላይ ተንጠራርተው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ብረት ነው፣ የኔ ልጅ።»

«የምን ብረት?»

«ከባድ ብረት።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይከብዳል።»

«ስም የለውም እንዴ?»

«ብረት ምን ስም አለው? አንተ ስምህ ማን ነው?»

«ከበደ።»

«ይኸው! አላልኩህም?»

ጠባቂው ሳቁ አመለጠው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሳቀ፣ ጓደኛውን ጠርቶ ነገረው፣ ሁለቱም ሳቁ። ገመዱ ወረደ። መኪናው ሲነሳ ቀና ብዬ አየሁ። ሰይድ ፊቱን በእናቱ ትከሻ ላይ ደፍቷል። የሚስቅ ይመስላል፤ ከታች ሆኜ ግን በእርግጥ መለየት አልቻልኩም።

ሐሙስ ቀትር፣ አዲስ አበባ

ደብረ ሲና አድረን ቀትር ላይ ግቢያችን ገባን። የቃላት ኮሚቴው በሙሉ በረንዳው ላይ ተሰልፎ ጠበቀን። ሊቀመንበሩ ወረደ፤ የሰይድን እጅ ጨብጦ ነቀነቀ።

«ጓድ ሰይድ! የገና ዛፉ በሰላም ገባ?»

ሰይድ እጁን ቀስ ብሎ ሳበ።

«ብረቱ ገብቷል» አልኩ እኔ።

ሊቀመንበሩ ሊያርመኝ ሲል እማማ ዘሀራ ከጋቢናው ወረዱ። ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ግቢውን ዞረው አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ።

«የዙህር ሰላት ሰዓት ደርሷል» አሉ። «የምሰግድበት አቅጣጫ፣ ቂብላው በየት ነው?»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ወደ በሩ ጠቆመ፣ ሌላው ወደ መጋዘኑ። ሊቀመንበሩ ለማሰብ ጊዜ የፈለገ መሰለ።

ሰይድ እጁን አነሳ። ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ፣ ተራራውን አሳየ።

«በዚያ ነው፣ እማዬ። በእንጦጦ በኩል።»

ከታሰረ ወዲህ ሳይገደድ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ነው። ከዚያ የግቢው ቧንቧ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከስግደት በፊት እግሩን ሊታጠብ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። እናቱ ጆግ ይዘው አጠገቡ ተንበረከኩ፤ እያራሱ ቀስ ብለው ካልሲውን አላቀቁት፣ ከዚያ እግሩ ላይ ውኃ አፈሰሱ፣ በጣም በዝግታ፣ ጣቶቹ መሐል እየደረሰ። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አየ። አንድ በአንድ ወደየቢሯቸው ገቡ።

ውኃው አለቀ። እማማ ዘሀራ ቀና ሳይሉ ጆጉን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ሞልቼ ሰጠኋቸው።